ፊልሙ አልቋል፤ አሁን ወዴት ይላክ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ቶም የተባለው የአካባቢው የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬው ዝግጅታችን ፊልም ስለ መሥራት አይደለም፤ ተሠርቶ ስላለቀ ፊልም ነው። በአካባቢያችን፣ በአቦቦና በጋምቤላ፣ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ቪዲዮ ያነሳል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከሠርግና ከጭፈራ ቪዲዮ አልፈው ታሪክ ይጽፋሉ፣ ጓደኞቻቸውን ተዋናይ ያደርጋሉ፣ እዚያው ስልካቸው ላይ ቆርጠው ቀጥለው አጭር ፊልም ያወጣሉ። ከዚያስ? ፊልሙ ሦስት አራት ቀን በቴሌግራም ይዞራል፤ “በርቱ” የሚል አስተያየት ይሰበስባል፤ ስልኩ ሲሞላ ደግሞ ለሌላ ነገር ቦታ ለመልቀቅ ይጠፋል። ስንት ቀን በፀሐይ የተለፋበት ሥራ እንዲህ ሲቀር ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፊልሙ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ዛሬ እሱን ሥራ ከጥግ እስከ ጥግ አብረን እንሠራዋለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አቅርቡ።

ነገሩ በእጅ እንዲዳሰስ አንድ ፊልም በሐሳባችን እንፍጠር። ርዝመቱ 10 ደቂቃ ነው። የተቀረጸው እዚሁ በአልዌሮ ግድብ ዳር ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቷ በሌለበት የዓሣ መረቡን ይዛ ትወርዳለች። መረቡ ውኃ ውስጥ ካለ ጉቶ ጋር ይያያዝና ይቀደዳል። አባትየው ማታ ይመለሳል። ልጅቷ ከዚያ በፊት ቀዳዳውን መቋጠር አለባት፤ መቋጠር ግን አትችልም፤ የሚችሉት ደግሞ ከአባቷ ጋር የተኳረፉት ጎረቤት ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ንግግሩ በአኙዋክኛ ነው፣ አልፎ አልፎ አማርኛ ይገባበታል። ካሜራው ስልክ ነው። ይህንን ፊልም እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

በቅድሚያ ፌስቲቫል ምን እንደሆነ እንግባባ። የፊልም ፌስቲቫል ማለት በአንድ ከተማ፣ በተወሰኑ ቀናት፣ ከቀረቡለት ብዙ ፊልሞች ጥቂቱን መርጦ በአዳራሽ ለሕዝብ የሚያሳይ ዝግጅት ነው። ብዙዎቹ ዳኞች አሏቸው፣ ሽልማትም ይሰጣሉ። ከሽልማቱ ይልቅ ግን የመመረጡ ነገር ይበልጣል፤ ፊልም የሚገዙ፣ ገንዘብ የሚመድቡ፣ ለሚቀጥለው ፊልም አብረው የሚሠሩ ሰዎች የሚገኙት እዚያ ነው። በአገራችን የምናውቀው ጉማ ከዚህ ይለያል። ጉማ በዓመቱ የወጡ የኢትዮጵያ ፊልሞችን የሚያወዳድር የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው። ፌስቲቫል ከሆነ በአዲስ አበባ ከ2007 ጀምሮ ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ በተለይ በዶክመንተሪ ላይ የሚያተኩረው የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አለ። በወይዘሮ ይርጋሸዋ ተሾመ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልም አለ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ፌስቲቫሎች የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ ከአሁኑ ጆሯችሁን እንድታለማምዱት ብዬ ነው።

“ከአቦቦ የወጣ ፊልም ማን ያየዋል?” የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ እንዳለ አውቃለሁ። ወደ ሐረር ልውሰዳችሁ። ሐረር ውስጥ ማታ ማታ ጅብ የሚመግቡ ሰዎች አሉ። ይህንን ቱሪስት ሁሉ ቀርጾታል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደጋግመው አሳይተውታል። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር ግን ይህንኑ ታሪክ በጥቂት ደቂቃዎች፣ በጥቁርና ነጭ ሠራችው። “ኻይራት” የተባለው ይህ አጭር ፊልም በ2017 በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ስለ ጫትና ስለ ሐረር አካባቢ ወጣቶች የሠራችው “ፋያ ዳዪ” የተባለ ረጅም ፊልም እዚያው ሰንዳንስ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ቪዚዮን ዱ ሬል በተባለው የዶክመንተሪ ፌስቲቫልም ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ሰው ሁሉ የቀረጸውን ጅብ እሷ ስትቀርጸው አዲስ የሆነው ለምንድን ነው? እዚያ ስላደገች ነው። የትኛው ዝምታ ረጅም መሆን እንዳለበት ታውቃለች።

ስለ እኛም አካባቢ የተሠራ ፊልም አለ። ዮአኪም ዴመር የተባለ ስዊድናዊ በጋምቤላ ስላለው የእርሻ መሬት ጉዳይ የሠራው ረጅም ዶክመንተሪ በ2017 ወጥቶ በየፌስቲቫሉ ታይቷል። ርዕሱ “የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም” የሚለው የራሳችን ተረት ነው። ሥራው የእሱ ነው፤ ለፍቶበታል። ነገር ግን በአልዌሮ ዳር አንዲት ልጅ መረብ ስትቀድ ሆዷ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሰው ከውጭ አይመጣም። ከአቦቦ መሆናችሁን ለማመልከቻው እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ስንቅ ያዙት።

ሌላም ልጥቀስ። ሕይወት አድማሱ ጌታነህ “ኒው አይስ” የተባለ፣ ስለ አንዲት ከልጅነት እየወጣች ስላለች ልጅ የሚናገር አጭር ፊልም ሠርታ በ2015 በጣሊያን በቬኒስ ፌስቲቫል ላይ አሳይታለች። በዚያው ዓመት የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” በፈረንሳይ በካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል፤ ታሪኩ የአንድ ልጅና የበጉ ነው። በ2024 ደግሞ የቤዛ ኃይሉ ለማ “አልዓዛር” የተባለ አጭር ፊልም በካን በሚካሄደው የሃያሲያን ሳምንት ቀርቧል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም ቢሆኑ በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ያስገኘላቸውን “ጤዛ” ከመሥራታቸው በፊት መንገዱን የጀመሩት በተማሪነታቸው፣ በ1971፣ በሠሩት አጭር ፊልም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፤ ወደ ልጅቷና ወደ መረቧ እንመለስ። ፊልሙ አልቋል። አሁን እጃችሁ ዩቲዩብ ላይ ሊጭነው ይበላዋል። ቆዩ! ይህንን ደግሜ እናገራለሁ፦ ቆዩ። ትልልቅ ፌስቲቫሎች ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እነሱ ዘንድ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በእነሱ ቋንቋ ፕሪሚየር ይባላል። ለሁሉም ሰው በተከፈተ ገጽ ላይ የወጣን ፊልም የማይቀበሉ አሉ። እያንዳንዱ ፌስቲቫል የራሱ ደንብ ስላለው ደንቡን አንብቡ፤ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህችን ነጥብ ይሁን። ዩቲዩብ ነገም አለ። ፕሪሚየር ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም። ፊልሙን ለምትልኩለት ሰው ብቻ የሚከፈት፣ የይለፍ ቃል ያለው ሊንክ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ቪሜዮን የመሳሰሉ ገጾች ይህንን ይሠራሉ። ደግሞ አደራ፣ የይለፍ ቃሉን ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አትቀይሩት። መራጩ ሊያየው ሲል አልከፍት ካለው ወደሚቀጥለው ፊልም ያልፋል እንጂ እናንተን ፈልጎ አይጠይቅም።

ቀጥሎ ርዝመት። “አጭር” የሚለው ቃል በየፌስቲቫሉ የተለያየ ነው። ካን በዋናው የአጭር ፊልም ውድድር ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። ቬኒስ 20 ነው፣ በርሊን 30 ነው፤ ለኦስካር 40 ደቂቃ ድረስ እንደ አጭር ይቆጠራል። ይህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ከሚወርደው የስም ዝርዝር ጋር ተደምሮ ነው። የእኛ ፊልም 10 ደቂቃ ስለሆነ ሁሉም በር ክፍት ነው። ፊልማችሁ 16 ደቂቃ ከሆነና ስሙ ብቻ ሁለት ደቂቃ የሚወርድ ከሆነ፣ ስሙን አሳጥሩት።

ፊልሙን የማሳጠር ሌላም ምክንያት አለ። ሰንዳንስ ለ2025ቱ ዝግጅት ከ11,000 በላይ አጭር ፊልሞች ቀርበውለት የመረጠው 57 ብቻ ነው። ይህንን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። በመራጭ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው እንድታስቡት ነው። በቀን ብዙ ፊልም ያያል። ደክሞታል። የእናንተ ፊልም ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው የድርጅታችሁ አርማ በእሳት እየተሽከረከረ፣ ከዚያ “ያቀርባል”፣ ከዚያ የፀሐይ መውጣት፣ ከዚያ እንደገና ስም ከሆነ፣ ልጅቷ ጋ ከመድረሱ በፊት ልቡ ይሄዳል። መረቡን ስታወርድ ጀምሩት። እጇን አሳዩ፣ መረቡ የተሰቀለበትን እንጨት አሳዩ። ስሙ መጨረሻ ላይ ይድረስ።

አሁን ወደ ሰብታይትል እንምጣ፤ ብዙ ፊልሞቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ይመስለኛልና ጊዜ ልስጠው። ፌስቲቫሎች በአብዛኛው የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ እንደ ፌስፓኮ ላሉ፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ለሚካሄዱት ደግሞ ፈረንሳይኛው ይጠቅማል። አኙዋክኛን መጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ከዚያ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ አሉ። ይህ ሁለት ጊዜ እንደተበረዘ ጠላ ነው። የሚቻል ከሆነ አኙዋክኛም እንግሊዝኛም ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ በቀጥታ አውጡት። በአካባቢያችን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

የአማርኛ ምሳሌ ልስጣችሁ። “አይዞሽ” የምንለውን ቃል ውሰዱ። ሽማግሌው መረቡን ቋጥረው ከጨረሱ በኋላ ለልጅቷ “አይዞሽ” ቢሏት፣ ችኩል ተርጓሚ “አትጨነቂ” በሚል ይመልሰዋል። አትጨነቂ ግን አይዞሽ አይደለም። አይዞሽ ውስጥ “እኔ አለሁ” አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ሽማግሌው ማለት የፈለጉት “ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ” ከሆነ፣ ሰብታይትሉም እሱን ይበል። ቃሉን ሳይሆን ሰውየው በዚያች ደቂቃ ያደረገውን ነገር ተርጉሙ። አኙዋክኛም እንዲህ ያሉ ቃላት ሞልተውታል፤ የትኞቹ እንደሆኑ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በአሠራሩ በኩል፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንዱ መስመር ከ42 ፊደል ገደማ አይርዘም፤ ዓይን አንብቦ ወደ ፊቱ የሚመለስበት ጊዜ ያግኝ። አኙዋክኛ የሉኦ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ከሺሉክ፣ ከአቾሊና ከኬንያ ሉኦ ጋር ይዛመዳል። ስለዚህ ፊልሙ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ አዳራሽ ቢደርስ፣ ሰብታይትሉን ሳይጠብቅ አንዳንድ ቃል የሚይዝ ሰው እዚያ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ሲያስቡት ደስ አይልም?

(ሙዚቃ፤ የቶም ድምፅ እንደገና)

ይህን ድምፅ ሰማችሁት? ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። ፊልማችሁ ውስጥ የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ካለ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ ፊልሙ ቢመረጥ እንኳ ችግር ውስጥ ይገባል። ፌስቲቫሎች ማመልከቻው ላይ “በፊልሙ ያለውን ሁሉ የመጠቀም መብት አለኝ” ብላችሁ እንድታረጋግጡ ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ቶም የሚመታ ሰው በሰፈራችን አለ። ሄዳችሁ ለምኑት፤ የምትችሉትን ክፈሉት፤ ፀጥ ያለ ቦታ ቅረጹትና በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ “ይህን ድምፅ ለዚህ ፊልም ፈቅጃለሁ” ብሎ ይፈርምላችሁ።

ያው ወረቀት ለተዋናዮቹም ያስፈልጋል። ልጅቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የሚፈርሙት ወላጆቿ ናቸው። ሽማግሌው ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በሚሰሙት ቋንቋ ተነቦላቸው፣ ምስክር ባለበት የጣት አሻራቸውን ያኑሩ። ከመፈረማቸው በፊት ደግሞ ያለቀውን ፊልም አሳዩአቸው። ስልክ ላይ በትንሹ ሳይሆን፣ ቢቻል ነጠላ ወይም አንሶላ ወጥራችሁ። “ይህ ፊልም ሩቅ አገር ሊሄድ ይችላል፤ የማያውቋቸው ሰዎች ያዩዎታል” በሏቸው። “ይህችን ቦታ አውጡልኝ” ካሉ አውጡላቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ተቆጥቼ ነበር፤ ቆይቼ ሳየው ግን ያወጣሁት ቦታ እኔንም የሚያሳፍረኝ ሆኖ አገኘሁት።

ከፊልሙ ጋር የሚላኩ ጽሑፎች አሉ። ከሁሉም የሚከብደው አጭሩ ነው፤ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ “ይህ ፊልም የሕይወትን ውጣ ውረድ፣ ተስፋንና ፍቅርን የሚያሳይ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው።” ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ፊልም ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። የእኛን እንዲህ እንጻፈው፦ “በአልዌሮ ግድብ ዳር የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የቀደደችውን የአባቷን መረብ ከማታ በፊት ለማስቋጠር አባቷ ወደተኳረፋቸው ሽማግሌ ቤት መሄድ አለባት።” ማን? የት? ምን አጋጠማት? ለምን ይከብዳል? አራቱም አሉ። መጨረሻው ግን አልተነገረም።

ከዚያ የዳይሬክተሩ ቃል የሚባል አለ፤ ይህን ፊልም ለምን እንደሠራችሁ በአንድ አንቀጽ መናገር ነው። እዚህ ላይ ስለ አፍሪካ ሲኒማ ታላቅነት ከመጻፍ ይልቅ እውነተኛ ነገር ጻፉ። “ልጅ ሆኜ የአባቴን መረብ ቀድጄ ሦስት ሰዓት ተደብቄአለሁ” የሚለው አንድ መስመር ከብዙ ትልልቅ ቃል ይበልጣል። በእርግጥ ተደብቃችሁ ከሆነ።

ፎቶም ያስፈልጋል። ከቪዲዮው ላይ ቆርጣችሁ የምታወጡት ፎቶ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ቀረጻ በሚካሄድበት ቀን አንድ ሰው ለፎቶ ብቻ መድቡ። ፌስቲቫሉ ፊልሙን ከመረጠ በመጽሔቱ የሚያትመው እሱን ፎቶ ነውና።

ስም። ይህ ቀላል ይመስላል። የኦጁሉና የኦሞድ አገር ልጆች ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ዛሬ በአንድ መልክ፣ ነገ በሌላ መልክ እናደርገዋለን። ፖስተሩ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፊልሙ ላይ ሌላ፣ ማመልከቻው ላይ ሦስተኛ ይሆናል። በፋይዳ መታወቂያችሁ ወይም በፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ያዙና በየትም ቦታ ሳትቀይሩ ጻፉት። ተመርጣችሁ የቪዛ ደብዳቤ የሚጻፍ ቀን በአንድ ፊደል ምክንያት መከራ እንዳታዩ። “የቤተሰብ ስም” በሚለው ሳጥንም ፓስፖርታችሁ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን አስገቡ።

ማመልከቻው የሚሞላው በአብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ነው። ፊልምፍሪዌይ የሚባል ገጽ አለ፤ አንድ ጊዜ የፊልሙን መረጃ ካስገባችሁ ከዚያ ለብዙ ፌስቲቫሎች መላክ ትችላላችሁ። ገጹ ላይ መመዝገብ ነፃ ነው፤ ክፍያውን የሚጠይቁት ፌስቲቫሎቹ ናቸው። ክፍያው ደግሞ በውጭ ገንዘብና በካርድ ስለሆነ፣ እኛ ጋ እጅ የሚያስር ነገር ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው በነፃ የሚቀበሉትን መፈለግ ነው። ሁለተኛው ክፍያው እንዲነሳላችሁ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ደብዳቤው ልመና አይሁን። አምስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደሆናችሁ፣ ፊልሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአካባቢያችሁ በውጭ ገንዘብ መክፈል ለምን እንደማይቻል፣ የፊልሙ ሊንክ። ማብቂያው ቀን ሲደርስ ሳይሆን ምዝገባው እንደተከፈተ ጻፉት። አብዛኛው ላይመልስ ይችላል፤ ፈቅጄላችኋለሁ ብሎ ኮድ የሚልክ ግን አለ።

እዚህ ላይ ካልተጠነቀቃችሁ የሚዘርፋችሁም አለ። ፌስቲቫል ነኝ እያለ አዳራሽ የሌለው፣ ተመልካች የሌለው፣ በየወሩ ገንዘብ ላስገባ ሁሉ የቅጠል ጉንጉን ምልክት ሰጥቶ “አሸንፈዋል” የሚል ሞልቷል። እንዴት ይለያል? ያለፈው ዓመት ዝግጅት በየትኛው ሲኒማ ቤት ተካሄደ? የተመረጡት ፊልሞች ዝርዝር የት አለ? ሰዎች በአዳራሹ ተቀምጠው የሚያሳይ ፎቶ አለ? እነዚህን ሦስቱን ካላገኛችሁ ብራችሁን ለልጆቹ ምሳ አውሉት።

ቀንና ሰዓት። ስለዚህ ከራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር የሠራነውን አጭር ፊልም በጎረቤት አገር ላለ አንድ ፌስቲቫል ልንልክ ነበር። ማብቂያው “11 ሰዓት ከ59፣ ሌሊት” ይላል። እኛ በእኛ ሰዓት አነበብነው፤ ሊነጋጋ ሲል ማለት ነው። ሌሊቱን ሰብታይትል ስናርም አድረን 10 ሰዓት ላይ ልንልክ ስንከፍተው ተዘግቷል። እነሱ 11:59 የሚሉት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ በእኛ 5 ሰዓት ከ59። አብረውኝ የለፉት ልጆች ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ሰዓቱ የየትኛው ከተማ ነው? ማብቂያው በሎስ አንጀለስ ሰዓት ከሆነ እኛ ከእነሱ በክረምታቸው 11 ሰዓት፣ በበጋቸው 10 ሰዓት እንቀድማለን። የእነሱ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የወሩንም ቀን ከእኛ ካላንደር ጋር አስተያይታችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

እሱንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። እስቲ እናስላው። የ10 ደቂቃ ፊልም በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ጥራት ቢወጣ 750 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሳይቋረጥ 100 ደቂቃ ይፈጃል። ሳይቋረጥ ነው ያልኩት። መብራት ቢጠፋ፣ ዳታው ቢያልቅ እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ሌሊት፣ ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ላኩት። ካልሆነም በፍላሽ ይዛችሁ ጋምቤላ ከተማ ውረዱ፤ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። የፊልሙን ዋና ቅጂ ደግሞ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ። በጋምቤላ ሙቀትና አቧራ አንድ ሃርድ ዲስክ ማመን አይገባም።

የት የት እንላክ? ፊልሙን በአንድ ጊዜ ለሃያ ከመበተን፣ ደረጃ አውጡለት። የመጀመሪያ መታያ የሚፈልጉትን ትልልቆቹን አስቀድሙ፤ ሁለት ሦስት ይበቃሉ። ከዚያ የአፍሪካዎቹ አሉ፦ ከ1969 ጀምሮ በዋጋዱጉ የሚካሄደውና አሁን በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት የሚደረገው ፌስፓኮ፤ የዛንዚባር ፌስቲቫል፤ በደቡብ አፍሪካ የደርባን ፌስቲቫል፤ በቱኒዚያ ከ1966 ጀምሮ ያለው ካርቴጅ። ለአጭር ፊልም ብቻ የቆመ በፈረንሳይ የክሌርሞን ፌራን ፌስቲቫል አለ፤ በዘርፉ ከዓለም ትልቁ ነው። አዲስ አበባን አትርሱ፤ ቢመረጥ በአውቶቡስ ትደርሳላችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ቆማችሁ ጥያቄ ትመልሳላችሁ። እኔ ብሆን የመረቧን ፊልም ከአዲስ አበባ በፊት ለአንድ ትልቅ ፌስቲቫል ሞክሬ፣ መልሱ እስኪመጣ የአዲስ አበባውን ወረቀት አዘጋጅ ነበር።

መልሱ ከወራት በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ “አልተመረጠም” ይላል፤ ምክንያት አይጻፍም። ቁጡ ደብዳቤ አትመልሱ። በደብተራችሁ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ ወደሚቀጥለው ላኩ። አንድ ፌስቲቫል የጣለውን ሌላው ያነሳል፤ የመራጮቹ ዓይን የተለያየ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ከወደቀ ግን ፊልሙን ከማያውቋችሁ ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። እነሱ ስልካቸውን የሚያነሱበትን ደቂቃ ጻፉ። እዚያ ጋ ነው የሚቆረጠው።

“ተመርጧል” ካለ ደግሞ ሥራ አለ። ለአዳራሽ ማሳያ የሚሆን ዲሲፒ የሚባል ቅጂ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በስልክ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ያሉ የድኅረ ቀረጻ ስቱዲዮዎች ያወጡታል። አቅም ከሌለ ለፌስቲቫሉ ጻፉ፤ ጥራት ያለው ፋይል ተቀብለው ራሳቸው የሚቀይሩ አሉ። የጉዞና የማደሪያ ወጪ ይሸፍኑ እንደሆነ ወዲያው ጠይቁ፤ ስለ ቪዛ ደብዳቤም እንዲሁ።

ከዚያ በፊት ግን ያችን ቀን ወደ ልጅቷ ቤት ሂዱ። ለእሷ፣ ለወላጆቿ፣ መረቡን ለቋጠሩት ሽማግሌና ቶም ለመታው ሰው ፊልሙ የሚታይበትን ከተማ ስምና ቀኑን ንገሯቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ነፋስ ባለበት፣ ግድቡ አጠገብ፣ ንግግር እንዴት አጥርቶ መቅዳት እንደሚቻል እናወራለን። የፊልማችሁን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ላኩልን፤ በአየር ላይ አንብበን አብረን እናርመዋለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)